መምህርት ሐ

የስድስተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪው በሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ቅዳሜና እሁድ ዩኒቨርሲቲ መመላለስ በጀመረ በወሩ፣ ባልደረቦቹ «ዶክተር» ብለው ሾሙት። ሚስቱ ሳትቀር በተናደደች ቁጥር «ዶክተር፣ እስኪ ልጆቹን እጠባቸው!» ትለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለመመረቂያ ጽሑፉ ክፍል እየገባ የመምህራንን አሠራር መመልከት ነበረበት። የቀረበው የራሱ ትምህርት ቤት ስለነበር ሦስት መምህራን ከዚያው መረጠ። አንዷ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው የአራተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረዋል፤ እሱንም ጭምር።

«ስሜ ይጻፋል?» አሉት።

«በፍጹም እትዬ። መምህርት ሐ ነው የምልዎት።»

«እንግዲያ ግባ። ኋላ ተቀመጥ፤ ድሮም ቦታህ እዚያው ነበር» ብለው ሳቁ።

ስድስት ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ የምልከታ ቅጹን ሞላ። ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ ስድስቱን የሚያወሩት እትዬ ናቸው። ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ። እጁን ላወጣ ልጅ ዕድል አይሰጡም። በአራተኛው ቀን አንዲት ልጅ መልሱን ጮክ ብላ ተናገረች፤ እትዬ ጀርባቸውን እንደሰጡ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ዶክተር ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሴትዮዋ አይሰሙም።

ልጆቹ ሲወጡ ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው። ክንዱን ጭምቅ አድርገው ያዙት።

«ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። በእናትህ፣ አፍህን ያዝ።»

አፉን ያዘ። ቅጹም ስለ ጆሮ የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። አማካሪው ገጾቹን እያገላበጠ «ይቺ መምህርት ሐ ግሩም መረጃ ናት፣ አስፋት!» አለው። አሰፋት። አሥራ አንድ ገጽ ሆነች።

ጽሑፉ በከፍተኛ ውጤት አለፈ፤ አንድ ቅጂም እንደ ደንቡ ለትምህርት ቤቱ ገባ። ሌላ ጊዜ ደብዳቤ እንኳ አንብቦ የማይጨርሰው ዳይሬክተር ይህን ጥርዝ እስከ መጨረሻው አነበበው። አራተኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምር ሴት ደግሞ አንድ ብቻ ናት። ሰኞ ዕለት እትዬ ወደ መጻሕፍት መጋዘን ተዛወሩ።

ዶክተር ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሮጠ።

«ጽሑፉ ጎዶሎ ነው» አለ። «ያልጻፍኩት ነገር አለ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ቢናገር የተማጸኑትን ምስጢር ያወጣል፤ ጭራሽ ሊያሰናብቷቸው ይችላሉ። ዝም ቢል ሰነፍ ተብለው ይቀራሉ። «ምንም አይደለም» ብሎ ወጣ።

አማካሪው ጋ ደወለ። «ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል ወንድሜ። ተመርቀሃል፣ እረፍ» አለው።

ማን ይረፍ? ቤት ገብቶ እትዬ በእሱ ጽሑፍ መዛወራቸውን ተናገረ። «ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ» አለችው ሚስቱ፤ ያን ቀን ዶክተር አላለችውም።

እትዬ መጋዘኑ ውስጥ የተገነጠሉ መጻሕፍት በሙጫ እየለጠፉ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ ደጋግሞ። ከንፈሩን እያዩ አስጨረሱት።

«ዳይሬክተሩ አስነበበኝ» አሉት። «አሥራ አንድ ገጽ። ያየኸውን ነው የጻፍከው፤ አልዋሸህም። ግን አንድም ቦታ ልጆቹ ማካፈል ይችላሉ አይልም።» ሙጫውን ከጣታቸው ጠረጉ። «ይችላሉ እኮ።»

ዶክተር የልጆቹን ፈተናም ሆነ ደብተር ገልጦ አይቶ አያውቅም። እትዬ ሲወጣ በሩን እንዲዘጋላቸው ነገሩት፤ ነፋሱ ወረቀቱን እየበተነ አስቸግሯቸዋል።

ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ጡረታቸውን ሳይጠብቁ ሥራቸውን ለቀቁ። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ለዶክተር ተሰጠ። ወደ ስድስተኛ እንዲመልሱት ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ዳይሬክተሩ «ዲግሪ አለህ፣ ልጆቹን አሳትፋቸው እንጂ» ብሎ ማመልከቻውን መለሰለት።

ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ «እትዬ መቼ ነው የሚመጡት?» ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን «ይመጣሉ» ይላቸው ነበር። አሁን «ደብተር አውጡ» ብቻ ነው የሚለው።