እናቴን ከነወንበሩ
ጣና ዳር ባለ ሆቴል የአሮጌ ቆዳ ወንበር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የልጅነት ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

በደርግ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ወንበር ነበረን። መምህር ለነበረው አባቴ ፈረንጅ ባልደረባው ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ነው። ከስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት ጎብጦ የተሠራው መደገፊያው ጥቁር ቆዳ ለብሶ ወገብን ደግፎ ይይዛል። አባቴ "ይህን ያሰበ ሰው ድካም ያውቃል" ይል ነበር። እሱ ከታሰረ በኋላ እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆማ ውላ ስትመጣ እዚያ ላይ ታርፋለች።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

"ይህ የአድኃሪ ወንበር ነው፤ ለቀበሌው ይፈለጋል።"

እናቴ ሄዳ ተቀመጠችበት። "ላብ አደር እኔ ነኝ። እኔ ካልተቀመጥሁበት ማን ሊቀመጥበት ነው?"

"አንሷት!" አለ።

ጎረቤት ሁሉ እያየ ከነወንበሩ ተሸክመው አወጧት። እያለቀስሁ ተከተልኋቸው። ቀበሌው ግቢ ሲደርሱ ወንበሩን አዘንብለው መሬት ላይ ደፏት።

ስንመለስ "እማዬ፣ አድኃሪ ምን ማለት ነው?" አልኋት።

አቧራዋን እያራገፈች "ሲደክማት የምትቀመጥ ሴት" አለችኝ።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ያን ሰውዬ ግን እስካሁን ይቅር አላልሁትም፤ ልለውም አልፈልግም።