ከምንጩ በላይ የተወሰነ ቦታ

የትምወርቅ ከወናጎ ከፍ ብላ ባለች መንደር ስትወለድ አባቷ በሕይወት አልነበረም፤ ስሟም የወጣላት ለዚሁ ነው። እናቷ ሌላ ባል አግብታ ርቃ ስትሄድ አክስቷ ወሰደቻትና በእንሰቱ መሐል አሳደገቻት። አክስቷ ሳቂታ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ነበረች። እንሰት እየፋቀች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች።

አንድ ዓመት ከወደ ሰሜን የመጣ ሰው ከመንደሩ ወንዝ ዳር የጣውላ መሰንጠቂያ ሞተር ተከለ። መጀመሪያ ላይ አገሩ ሁሉ ግንድ ሲሰነጠቅ ለማየት ይጎርፍ ነበር። እያደር ግን ውሃው ላይ እንደ እርግብ አንገት የሚያብረቀርቅ ነገር መንሳፈፍ ጀመረ። ከብቶቹ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። ሴቶቹም ከገደሉ በላይ ወዳለ ሌላ ምንጭ መውጣት ግድ ሆነባቸው። አክስቷ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። እንስራ አዝላ ስትወርድ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣት፤ ሰው ተሸክሟት መንደር ሳይደርስ ነፍሷ ወጣች። የትምወርቅ ቅል ይዛ ከኋላዋ ነበረች፣ ሁሉንም አየች። በለቅሶው ላይ «ውሃ ስትቀዳ ወድቃ ሞተች» ተባለ። የሞተሩን ስም ያነሣ አልነበረም።

ካደገች በኋላ ዲላ ገባች። በቡና ማበጠሪያ ግቢ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድራ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እየለየች ትውል ጀመር። ዝምተኛ ናት፤ ሴቶቹ ሲንጫጩ እሷ አቀርቅራ ትለቅማለች። እሑድ ጸሎት ቤት ስትሄድ እንኳ መዝሙሩን በከንፈሯ ነበር የምትከተለው። ፈለቀ የሚባል ጆንያ ተሸካሚ አገባት። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀልደኛ ሰው ነው። በግራዝማች ወልደዮሐንስ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ትንሽ ቤት ሠሩ፤ ከጓሮው እንሰት ተከሉ፤ ከጓሮው ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳው ምንጭ ነበር።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በበልግ መግቢያ ላይ፣ ፈለቀ ፊቱ ፈክቶ ቤት ገባ።

«የትሜ፣ ከጆንያ ተገላገልኩ!» አላት። «ግራዝማች ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ማኅበር ገብተው የመብራት ሞተር ሊያስመጡ ነው። ከተማው በኤሌክትሪክ ሊበራ ነው! እኔን የሞተሩ ጠባቂ ሊያደርጉኝ ቃል ገቡልኝ። ካኪ ልብስ ይሰጡኛል።»

«እሰይ!» አለች፤ ከልቧ ነበር። ወገቡን እያሻሸ የሚያድር ባል ነው ያላት። «ለመሆኑ ሞተሩን የት ሊተክሉት ነው?»

«እዚሁ ነዋ፣ ከምንጩ በላይ ያለው ሜዳ ላይ። ከቤቴ ሳልርቅ ልሠራ ነው።»

የትምወርቅ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ፈለቀ ወሬውን ቀጠለ፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም።

በማግስቱ ምንጩ ዳር አፏን ከፈተች። ያ ለሴቶቹ አስደንጋጭ ነገር ነበር። ስለ አክስቷ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ከብቶቹ ስትነግራቸው ከሁሉ ቀድማ የሰማቻት ሰፊያ ነበረች። ሰፊያ የሰፈሩ ባለሱቅ ናት፤ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ነው ዲላ የከተሙት። ወንድሟ ባህሩዲን የጭነት መኪና ይነዳል።

«ሞተር ናፍጣውንና ዘይቱን የማይተፋበት ቀን የለም» አለች ሰፊያ። «የወንድሜ መኪና የቆመችበት መሬት ሣር አያበቅልም። ሄደን እንንገራቸው እንጂ!»

ሄዱ። ግራዝማች ወልደዮሐንስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሊያመሰግኗቸው የመጡ መስሏቸው ነበር። ሰፊያ ወደ የትምወርቅ ዞረች። የትምወርቅ እጅ ነሥታ ጀመረች።

«ጌታዬ፣ መብራቱን የጠላነው አይደለም። ቦታውን ነው። ከምንጩ ራቅ ቢልልን ብለን ነው የመጣነው።»

«ቦታው የማን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ። ውሃውን የምንጠጣው ግን እኛ ነን።»

የግራዝማች ፊት ጠቆረ። በትራቸውን አንሥተው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉ። «ከተማውን ከጨለማ ላወጣ ተነሣሁ፣ እናንተ አድማ ይዛችሁ መጣችሁ። አድማ ነው ይሄ? ንገሪኛ!»

በዙሪያው ተራራ ላይ ገበሬውና ባለመሬቱ ተዋግተው ደም የፈሰሰው የቅርብ ጊዜ ነገር ነበር። ያኔ «አድመኛ» የተባለ ሰው ከቤቱ ተወስዶ የት እንደደረሰ የማይታወቅበት ጊዜ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሹ። የትምወርቅ ግን አልሸሸችም።

«አድማ አይደለም፣ ጌታዬ። ልመና ነው።»

«እንግዲያው ለምናችኋል። ሂዱ።»

ያን ዕለት ፈለቀ ሳይቀልድ ነው ቤት የገባው። በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ዛሬ ግራዝማች አስጠሩኝ» አላት። «‹ሚስትህን ያዝ፣ አለዚያ ሥራውንም መሬቴንም ልቀቅ› አሉኝ። ሰው እየሰማ! የት ልንገባ ነው፣ የትሜ? እስቲ ንገሪኝ፣ የት?»

«አላውቅም።»

«አንቺን ማን ሹም አደረገሽ? ስንት ወንድ ባለበት ሰፈር!»

«ወንዱ ውሃ ይቀዳል እንዴ?» አለችው።

ፈለቀ እጁን ሰነዘረ፤ ሳያሳርፍባት መለሰውና በራሱ እጅ ደነገጠ። መትቷት አያውቅም ነበር። ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ እንደ እንግዳ ነበር የሚተያዩት። እሱ ሜዳው ላይ የሞተሩን መሠረት ሲቆፍር ይውላል፤ እሷ ቡናዋን ለቅማ ስትመለስ ጉድጓዱ ጠልቆ ታየዋለች። ምሳውን ግን አንድም ቀን አላጎደለችበትም። አገልግሉን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ታስቀምጥና ሳትናገር ትመለሳለች።

ግንቦት ገባ። ዝናቡ አፈሩን እንደ ሊጥ አድርጎት ነበር። አንድ ጠዋት ሰፊያ እየሮጠች ቡና ማበጠሪያው ድረስ መጣች። የምትናገረው ከትንፋሿ ጋር እየተጋጨ ነበር።

«ደረሰ! ባህሩዲን ነው የጫነው፤ ገንዘብ አጥቶ እምቢ ማለት አልቻለም። አሁን ከዋናው መንገድ ሊታጠፍ ነው።»

የትምወርቅ ፍሬውን ከጉልበቷ ላይ አራግፋ ተነሣች። ማንንም አልጠራችም። ከኋላዋ ግን ሌሎቹም ተነሡ፤ ከሰፈር ሲደርሱ ደግሞ እንስራ የያዙትም ተቀላቀሉ። ከዋናው መንገድ ወደ ሜዳው የሚወርደው ጠባብ ጥርጊያ ላይ፣ በአንድ ወገን ዳገት በሌላው ወገን ቁልቁለት በሆነበት ቦታ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ሰፊያ ከየትምወርቅ ጎን ተቀመጠች።

የባህሩዲን ኤንትሬ የጭነት መኪና እያቃሰተች ብቅ አለች። ሞተሩ ከላይዋ በገመድ ተጠፍሯል፤ ጥቁር፣ እንደ ተኛ ጎሽ የመሰለ ብረት ነው። ጭነቱ ላይ ቆሞ ገመዱን የያዘው ፈለቀ ነበር። ሚስቱን ከላይ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ባህሩዲን ፍሬን ያዘና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሰፊያ! አብደሻል? ተነሺ!»

«አልነሣም፣ ወንድሜ። ከፈለግህ ንዳው።»

ግራዝማች ከመኪናው ኋላ በበቅሎ ደረሱ። ሁለት ዘበኞች አብረዋቸው ነበሩ። «ንዳ! ይነሣሉ!» ብለው ጮኹ።

«እህቴ ናት፣ ጌታዬ» አለ ባህሩዲን። «አልነዳም።»

«እናንተ ጎትቷቸው!»

ዘበኞቹ የትምወርቅን በክንዷ ያዟት። አልታገለቻቸውም፤ ሰውነቷን ለቀቀችባቸውና ከበደቻቸው። ጫጫታ ሆነ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያያዙ፣ አንዷ ጮኸች። በዚህ መሐል በቁልቁለቱ በኩል የጥርጊያው ጠርዝ በመኪናው ክብደት መናድ ጀመረ። የኋላ ጎማው ወረደ። ኤንትሬዋ ቀስ ብላ ዘመመች።

«ታኮ! ታኮ!» እያለ ባህሩዲን ጮኸ።

ፈለቀ ዘሎ ወረደ። ትልቅ ድንጋይ ታቅፎ በቁልቁለቱ በኩል ጎማው ሥር ገባ። የትምወርቅ ሞተሩን እንጂ ባሏን አላየችም ነበር፤ ገመዱ አንዱ ሲበጠስ ግን ዓይኗ ወርዶ አገኘው። ከዘበኞቹ እጅ እንዴት እንደወጣች ኋላም ማስታወስ አልቻለችም። ጮኸች፤ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር። ደርሳ ሸሚዙንና ቀበቶውን አንድ ላይ ጨብጣ ሳበችው። ሞተሩ ከላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሁለቱም ከጠርዙ ዳር ተዘርረው ነበር። ቀኝ እግሩ ግን ከብረቱ አላመለጠም። ሞተሩ እግሩን ጨፍልቆ አልፎ ቁልቁል ተንከባለለ፤ እንሰቱን ገንድሶ ከምንጩ አናት ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ።

ዝናቡ መልሶ ጣለ። ከብረቱ ሆድ ጥቁር ዘይት እየወጣ በዝናቡ ታጥቦ ወደ ምንጩ ሲወርድ ሁሉም ቆመው አዩ። ግራዝማችም አዩ። በቅሏቸውን አዞሩ።

ባህሩዲን ፈለቀን በዚያችው መኪና ጭኖ ይርጋለም ሆስፒታል አደረሰው። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ እግሩን ግን ማትረፍ አልተቻለም። የትምወርቅ ከአልጋው ሥር ሰሌን አንጥፋ አስታመመችው። መናገር ሲጀምር መጀመሪያ ያላት ይህን ነበር፦

«አንቺ ባትቀመጪ ኖሮ መኪናው አይቆምም ነበር። ባይቆም ኖሮ እግሬ አይቆረጥም ነበር።»

«እውነትህን ነው» አለችው።

ፈለቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ወጥታ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ አለቀሰች። ውሎ አድሮ አንድ ቀን «ለመሆኑ ያን ጉልበት ከየት አመጣሽው? ሸሚዜን እኮ ለሁለት ነው የቀደድሽው» አላት። ይቅር አለኝ ለማለት አልደፈረችም። ያቀረበችለትን ምግብ ግን ያን ቀን ጨርሶ በላ።

ዲላ ሲመለሱ ቤታቸው የእነሱ አልነበረም። ግራዝማች መሬታቸውን አስለቅቀዋቸዋል። ሰፊያ ከሱቋ ጀርባ ያለውን ክፍል ለቀቀችላቸው፤ ፈለቀም በረንዳው ላይ ተቀምጦ የቡና ጆንያ መስፋት ያዘ። የምንጩ ሴቶች ዘይት የነካውን አፈር በዶማ ዝቀው ጥለው፣ ውሃውን ደጋግመው ቀድተው ደፍተው፣ አጠሩት። ሞተሩ ደግሞ ተጎትቶ ወጣ፣ ተጠገነ፣ በከተማው ሌላ ዳርቻ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ ሜዳ ላይ ተተከለ፤ የመብራቱ ሽቦ እስኪዘረጋም ለሙከራ ቀንና ሌት ይነሣ ጀመር።

እዚያ ሰው የለም ተብሎ ነበር። ሰው ግን ነበረ። አልጣሽ የምትባል ልጅ ያዘለች ሴት ቡና ማበጠሪያው ድረስ መጥታ የትምወርቅን በስሟ ጠየቀች።

«አንቺ ነሽ ሞተሩን ወደ እኛ የገፋሽው?» አለቻት። «ጭሱ ቤታችን ውስጥ ነው የሚገባው። ልጄ በድምፁ እየባነነ እንቅልፍ አጥቷል። የእናንተ ምንጭ ዳነ፤ እኛስ?»

ለቃሚዎቹ እጃቸው ቆመ። ሰፊያ ብትኖር መልስ አታጣም ነበር። የትምወርቅ ግን የሴትዮዋን ሕፃን ዓይን ዓይኑን አየች። «መጀመሪያ ነው የምሰማው፣ አላወቅሁም» ማለት አፏ ላይ ነበር፤ አፍራ ተወችው። ነጠላዋን አነሣችና «ነይ፣ ቤትሽን አሳዪኝ» አለቻት።

ፈለቀ ይህን ሲሰማ መርፌውን አስቀመጠ። «አሁን ደግሞ ምኔን ሊቆርጡ ነው?» አለ። ክራንቹን ስቦ ተነሣ፤ «እኔም እመጣለሁ። የቆረጠኝ ያ ሞተር ነው፣ ልየው እስቲ።»

ግራዝማች በዚህኛው ጊዜ አላነጋገሯቸውም፤ የማኅበሩ የአዲስ አበባ ሸሪክ ነው የወጣላቸው። ባለ አንድ እግሩን ሰው ከሴቶቹ መሐል ሲያይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ሞተሩን አንሡ ብለው አልጠየቁም፤ የሚነሣም አልነበረም። ከብዙ ምልልስ በኋላ የጭሱ ቱቦ ከጣሪያዎቹ በላይ እንዲዘረጋ፣ ለዘይቱ የተገነባ ጉድጓድ እንዲኖረው፣ ሰው ሲተኛም ሞተሩ እንዲጠፋ ሆነ። አልጣሽ አልረካችም፤ የትምወርቅም እንደዚያው። ድምፁን የሚያስቀር ነገር ግን አላገኙም።

መብራቱ የተለቀቀ ምሽት ዋናው መንገድ በሰው ተሞላ። የእንጨት ምሰሶዎቹ ላይ የተንጠለጠሉት አምፖሎች ቢጫ ብርሃን ሲተፉ እልልታው ቀለጠ። ፈለቀ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ አንጋጦ አየ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ እሷም አልጠየቀችውም። ከዚያ ወደ አልጣሽ ቤት አዘገሙ። አልጣሽ በርጩማ አውጥታ ለፈለቀ ሰጠችው፣ ድንች ቀቅላ ነበርና አቀረበችላቸው። ሞተሩ ከአጥሩ ማዶ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ይጮሃል። ለማውራት ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነበረባቸው።

«ምን አልሽ?» አለ ፈለቀ እየጮኸ።

«ጨው ይጨመርልህ ወይ ነው ያልኩት!» አለች አልጣሽ።

«አዎ!» አለና ሳቀ። የትምወርቅም ጨውን ተቀብላ አቀበለችው።