የእማማ ወለተ ሚካኤል ምሰሶ

አናጢው ምናሴ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ መጀመሪያ አግዳሚውን ነቅነቅ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። የሰው ሥራ አይጥመውም። ፋሲሎ ሰፈር ካለችው ጠባብ ሱቁ የሚወጣ በር ግን በክረምት አያብጥም፣ በበጋም አይንቋቋም፤ ስለዚህ ነገረኛነቱን እንችልለታለን።

ደብራችን ከሐይቁ ዳር ነው። ለጥምቀት ታቦቱ በድንኳን ያድራል፤ ሕዝቡ የሚጠለልበትን ዳስ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ባሕር ዛፍ እየቆረጥን እንተክልና በዓሉ ሲያልፍ እንማግደው ነበር። ቋሚ ቤት እንዳንሠራ፣ ክረምት ሲመጣ ሜዳውን ውኃው ይወስደዋል። በኋላ ይህ በየዓመቱ መጨፍጨፍ ሁላችንንም አሳፈረንና ምናሴ መላ አመጣ። ዳሱ ያለ ምስማር፣ እንጨት በእንጨት እየተሰካ ይሠራ፤ ጣራው የሐይቁ ደንገል ይሁን፤ በዓሉ ሲያልፍ ይፈታ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከግቢው አንድ የዋንዛ ምሰሶ ይስጥ፣ በምትኩም ችግኝ ይትከል፤ ዳሱ ሲፈታ የሰጠውን ምሰሶ ቤቱ ወስዶ እስከ ዓመቱ ያስቀምጥ። እኛም ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ምሰሷችንን ከሶፋው ጀርባ አስተኝተን ዓመት ሙሉ እንደናቀፍበታለን። ባለቤቴ "ይህ እንግዳ መቼ ነው የሚሄደው?" ትላለች፤ ጥምቀት ሲደርስ ግን ካልተሸከምሁ ብላ የምትጣላኝ እሷው ናት። ዳሱ ውስጥ ሁሉም ከየምሰሶው ሥር ይቀመጣል። ማንም አላዘዘም፤ እንዲያው ልማድ ሆነ።

እማማ ወለተ ሚካኤል ከአምሐ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። አምሐ ተማሪ ሳለ በግቢያቸው ዋንዛ ተከለ። ዛፉ ጣራውን ሲያልፍ ልጁ አልነበረም፤ ወባ ወስዶታል። ምሰሶ ሲጠየቅ እሳቸው ያንን ዋንዛ አስቆርጠው ሰጡ። "ለጥምቀት ከበሮ የሚመታ ልጅ ነበር፤ አሁንም በበዓሉ ይቁምልኝ" አሉ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ምሰሶ የሚቆመው እንደ በቀለበት ነው፤ ሥሩ ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ። የተገለበጠ ምሰሶ ያለበት ቤት አይባረክም ይባላል፤ ለበዓል ዳስማ ጭራሽ አይታሰብም። ምናሴ ይህን ከአባቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው ነው። ከተራ ሊደርስ ሲል ሲጣደፍ ግን የአምሐን ዋንዛ ልጦና ልጎ ሲያበቃ ሥሩና ጫፉ ተምታታበት። ከላይ ከሚጋደመው እንጨት ጋር የሚሰካውን ጥርስ በሥሩ በኩል ቀረጸው። ቆርጦ በሌላው ጫፍ እንዳይቀርጸው ምሰሶው ያጥራል።

ሄዶ "እማማ፣ ተሳሳትሁ" ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላለም። የሰው አግዳሚ ሲነቀንቅ ለኖረ ሰው የራሱን ጥፋት ማሳየት ሞት መሰለው። መሸንቲ ገበያ ወርዶ ያንኑ የሚመስል ዋንዛ ገዛ፤ ላገው፣ ቀረጸው፣ በጋለ ብረትም "አምሐ" ብሎ ጻፈበት። የተበላሸውን ከሱቁ ጀርባ ጣለው። ሚስቱ የሺአረግ ምኑን አውቃ፣ ለበዓሉ ድግስ ማገዶ ሲጎድል ፈልጣ ማገደችው። ወጡን ሁላችንም በላን። እኔማ አስጨምሬም በልቻለሁ።

እማማ ወለተ ሚካኤል ያንን የመሸንቲ እንጨት በየዓመቱ አምሐ ይተኛበት በነበረው ጥግ ያስተኙታል። ምስጥ እንዳይነካው የኑግ ዘይት ይቀቡታል። ምናሴን መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር "ልጄን ያቆምህልኝ፣ እጅህ ይባረክ" ይሉታል። ይህን ሁሉ ኋላ የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው። "ምርቃት እንደ እርግማን ሲያቃጥል አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። ደግሞም በእማማ ሰፈር የሚያሳልፍ ሥራ ሲመጣለት አመመኝ እያለ ይቀራል። የንስሐ አባቱ አባ ኪዳነ ወልድ ጉዱን ሲሰሙ "ለእኔ የነገርኸውን ለሴትዮዋ ንገር" አሉት። ከዚያ ወዲያ ከእሳቸውም መሸሽ ጀመረ።

አምና ጥምቀት ሊደርስ ሲል እማማ ወለተ ሚካኤል ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡ።

"ምናሴ፣ እኔ ደከምሁ" አሉት። "የዘንድሮን በዓል ካሳየኝ ይበቃኛል። ስሞት ያን ምሰሶ ቁረጥና ከመቃብሬ ራስጌ መስቀል ሥራልኝ። በዳሱ ሌላ ይቁም። እኔ ልጄን ይዤ ልተኛ።"

ምናሴ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ስንት ዓመት ተለማምዶታል። ነገር ግን የገበያ እንጨት ራስጌያቸው ቆሞ ከሞቱም በኋላ ሲዋሻቸው ታየው። እግራቸው ላይ ወደቀ።

"እማማ፣ እሱ አይደለም" አለ። ገልብጦ መቅረጹን፣ መሸንቲ መውረዱን፣ ስሙን መጻፉን፣ ማገዶውን፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።



"ታዲያ ያ ዘይት ስቀባው የኖርሁት የማን ነው?"

"አላውቅም፣ እማማ። ከገበያ ነው።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። አልሰደቡትም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

የከተራ ዕለት ምሰሶው ከደጃቸው ውጪ አጥር ተደግፎ ተገኘ። ምናሴ ብቻውን ተሸክሞ አምጥቶ ተከለው፤ የዳሱ ምሰሶ ሞላ። በማግስቱ ፀበሉ ተረጭቶ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ፀሐይ ሸሽቶ ወደየምሰሶው ሥር ገባ። እማማ ወለተ ሚካኤል ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ከዳሱ ውጪ ቆሙ። "ይግቡ እንጂ!" ብለን ተንጫጫን፤ ነገሩን ገና አላወቅንም። ምናሴ ሮጦ ወጣ።

"እማማ፣ በእመቤታችን ይግቡ። ቦታዎ እኮ ነው።"

"አይ፣ እኔ እንጨት አልሰጠሁም" አሉት። ንግግራቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት።

ተመልሶ መግባት አልቻለም፤ ጎናቸው ቆመ። ፀሐዩ በረታ። እማማ ቀና ብለው ላቡን አዩ።

"ግባ፣ ልጄ፤ ይመታሃል" አሉት።

አልገባም። ታቦቱ እስኪነሳ ሁለቱም እዚያው ቆሙ። አምሐ ተብሎ ከተጻፈበት ምሰሶ ሥርም ማንም ሳይቀመጥ ቀረ።