ሙት የሚሉት ባትሪ

የዴልሂ ቁራሌዎች አገልግሎቱን የጨረሰ የኤሌክትሪክ ሪክሾ ሊቲየም ባትሪ «ሙት» ይሉታል። ቁራሌዋ ዙበይዳ ግን ግቢዋ ውስጥ ማንም ቃሉን እንዲጠራ አትፈቅድም።

«አፓ፣ እህቴ፣ ሙት አምጥቼልሻለሁ!» ይላታል አሮጌ ባትሪ የሚያመጣላት የሪክሾ ሾፌር፣ ሊያበሽቃት።

«ምላስህ ይቆረጥ! ተኝቷል በል!»

የባትሪውን ጫፎች በፕላስተር ሸፍና፣ እንዳይናወጥ እንደ አራስ ልጅ ደግፋ ትወስደውና ከቤት ርቆ ካለው አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች።

ድሮ ባሏ ኢርሻድ አንድ ቀን «ሙት አይናከስም» ብሎ እየሳቀ አንዱን ባትሪ በመሮና በመዶሻ ፈለጠው፤ ባትሪውም በእሳት ተያያዘ። እሳቱ በውሃ ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሳ፤ ኢርሻድም በዚያው ቀረ።

በማግስቱ፣ ከቀብሩ በፊት፣ «ሞቷል» ቢሏትም አላመነችም። ደረቱን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ቀዝቅዟል። ወጥታ ባትሪውን ነካችው።

እሱ ገና ትኩስ ነበር።