ከል ለብሳ እስክስታ

አቻምየለሽ ነገሩ ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። የቡሬ ዙሪያ ጎረቤቶቿ «እሷ እኮ ውሃ ለምን ያረጥባል ብላ ትጠይቃለች» እያሉ ያሟታል። ይሟት! እሷን የጨነቃት ሌላ ነው። ባሏ ደረሰ በሚያዝያ ካረፈ ወዲህ የቀራት ያ አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር የሚሆን የበርበሬ ማሳ ነው፤ እሱ ከተበላሸ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ወንድሟ ቤት መጠጋቷ ነው።

ነሐሴ ላይ የበርበሬው ቅጠል ነጠብጣብ አወጣ። የባሏን የደረሰን መርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አዝላ፣ የዱቄቱን መድኃኒት እንደታዘዘው ለክታ በውሃ በጥብጣ ረጨች። በሳምንቱ ብታይ፣ መጀመሪያ የረጨቻቸው መስመሮች ተቃጥለዋል፤ የመጨረሻዎቹን ደግሞ መድኃኒት የሚባል ነገር የነካቸው አይመስልም። አንድ መርጫ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ እጅ! እንዴት ነው ነገሩ?

ሁለት ባዶ ሃይላንድ ውሃ ሞላች። በአንዱ ጨው፣ በሌላው መድኃኒቱን ጨምራ ነቀነቀች። ጨዉ ወዲያው ጠፋ። መድኃኒቱም ውሃውን አጓት አስመሰለውና ሁለቱም የሟሙ መሰላት። ከብቶቿን አስገብታ ስትመለስ ግን መድኃኒቱ ከሥር ተኝቶ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ቀርቷል። የጨዉን ውሃ ከላይ ቀመሰች፤ ግማሹን ደፍታ ከሥሩም ቀመሰች። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ እንዲሉ፣ እኩል ጣፍጦ ጠበቃት።

«ወይ ጉድ! ጨውስ ከውሃው ጋር አንድ ሆኗል። ይሄኛው ግን እንግዳ ነው፣ ቆሞ ቆሞ ሲደክመው ይተኛል» አለች። መርጫው ደግሞ የሚስበው ከሥር ነው። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ዝቃጩን፣ የመጨረሻዎቹ ባዶ ውሃውን ጠጥተዋል ማለት ነው።

የመድኃኒቱን ሃይላንድ እንደገና ስትነቀንቀው እጇ ቀጥ አለ። ደረሰ በየመስመሩ ጫፍ ቆሞ፣ መርጫውን እንዳዘለ ትከሻውን ይሰብቅ ነበር። እሷ ከደጅ ሆና «ይሄ ሰው ሊያስቀኝ ነው» እያለች አሥራ ሁለት ዓመት ስቃለች። ለካ መድኃኒት ሲያማስል ኖሯል! አንድ ቀን እንኳ ሳይነግራት። ተናደደችበት፤ አለቀሰችም።

በማግስቱ ከል ለብሳ፣ መርጫ አዝላ፣ በየመስመሩ ጫፍ እስክስታውን ወረደችው። ወሬው ወዲያው አገር አዳረሰ። በሳምንቱ የንስሐ አባቷ ቄስ ክንፈሚካኤል በትራቸውን ይዘው ከማሳዋ ደረሱ። በርበሬው ነጠብጣብ የሌለበት አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

«ልጄ፣ የባልሽ ሙት ዓመት ሳይደርስ ትጨፍራለች አሉኝ። እውነት ነው?»

«እስቲ ይህን ይያዙልኝ አባቴ» ብላ ሃይላንዱን ሰጠቻቸውና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ቄሱ ነቀነቁት፤ አስቀምጠው ጠበቁት፤ እንደገና ነቀነቁት። የእሳቸውም በርበሬ በአንድ ወገን ተቃጥሎ ነበርና ቁጣቸውን ረሱት።

«በስንት በስንቱ ነው የሚነቀነቀው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ደረሰ በየመስመሩ ጫፍ ነበር። እኔ ሞኟ ለኔ የሚጨፍር መስሎኝ!»

«ሲነቀንቅ ወዴት ይዞር ነበር?»

«ወደ ቤት። ወደ እኔ።»

«ለበርበሬውማ ቢሆን» አሉ ቄሱ ሃይላንዱን እየመለሱላት፣ «ወደየትም ቢዞር ይሆንለት ነበር።»