ከየመኪናው አንድ ድንጋይ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በትክክል እንዲህ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። ወሩ ጥር ይሁን የካቲት እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንድ ሽማግሌ የነገሩኝንም ምናልባት በዓመታት ውስጥ እኔው አሳምሬው ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ማስረጃ መመዘንን ነው። የራሴን ትዝታ ስመዝነው ግን ብዙ ጊዜ ይቀልብኛል።

በዚያን ጊዜ መሐል ሜዳ ውስጥ ጀማሪ የግብር ኦዲተር ነበርሁ። ሥራዬ በአብዛኛው የትንንሽ ነጋዴዎችን የቀን ገቢ መገመት ነበር። ሱቅ ደጃፍ ቆመን ስንት ሰው እንደ ገባ እናያለን፣ መደርደሪያውን በዓይናችን እንለካለን፣ ከዚያም ግምታችንን እንጽፋለን። ከገበያው አጠገብ ባና፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ብርድ ልብስ፣ የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ በየዓመቱ ግምቱ በዛብኝ እያሉ ይመጡ ነበር። ያን ዓመት ግን አቤቱታ ይዘው አልመጡም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣

«አንተ ልጅ፣ የእኔን ሱቅ በሳምንት ሦስት ቀን ታየዋለህ። ስንት ባና እንደ ተሸጠ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ።»

«እግዜር ያበርታህ! ያንን ተራራ እየጋጠ የሚበላውንስ ማን ያየዋል? ወይስ ወደ እሱ ስትዞሩ ዓይናችሁን ያማችኋል?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

ተራራ ይበላል ያሉት ሕዝቡ በጋራ ከሚጠብቀው የሣር ሜዳ፣ ከጓሳ፣ ማዶ ድንጋይ እየፈጨ የሚሸጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ ነው። ፋይሉን አውጥቼ አነበብሁት። በየዓመቱ ኪሳራ ያሳውቃል። ድንጋዩን የሚሸጠው ለአንድ ገዥ ብቻ ነው፤ ገዥውም የእነዚያው ባለቤቶች ሌላ ኩባንያ ነው። የሚሸጥበት ዋጋ ለማምረት ከሚያወጣው ያነሰ ስለሆነ ትርፉ ሁሉ ገዥው ዘንድ ይታያል። ገዥው ደግሞ አዲስ ኢንቨስትመንት ተብሎ ለተወሰኑ ዓመታት ከግብር ነፃ ተደርጓል። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ ደረሰኙ ሁሉ በየቦታው ተሰክቷል። ትርፉ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ግብር ወደማይደርስበት ቤት ሄዶ አደረ እንጂ። ባና ሻጯ ግን ትርፋቸውን የሚያሳድሩበት ሁለተኛ ቤት አልነበራቸውም።

ዘመዳም ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲገበያዩ፣ የጻፉትን ዋጋ በገበያ ዋጋ እንድንተካው ሕጉ ይፈቅድልናል። ስለዚህ የቀረኝ የድንጋዩን ብዛት ማወቅ ነበር። ኩባንያው በቀን የሚጭነው ጥቂት መኪና እንደሆነ ጽፏል። አንድ ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት መንገድ ዳር ተቀምጬ የተጫኑትን ቆጠርሁ፤ ከጻፈው ሦስት እጥፍ ሆኑ። በዚያ መሠረት ግብሩን አሰላሁ። ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ ቁጥሩንም ፈጥሬ የጻፍሁት ጉቦ ልቀበልበት አስቤ ነው ብሎ ከሰሰኝ። ቁጥሩን ማረጋገጥ ካልቻልሁ ግብሩ ይሰረዛል፤ እኔም ከሥራ እባረራለሁ፣ ስሜም ይጠፋል።

ጉዳዩን የሚሰማ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከዞን መጣ። የኩባንያው ተወካይ ጨዋና ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር።

«የቆጠሩበት ማስታወሻ ይቅረብልን» አለ።

ማስታወሻው ጠፍቶብኝ ነበር። ከቆጠራው ስመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ይሁን ቢሮ ውስጥ ከወረቀት ጋር ተጥሎ፣ ዛሬም አላውቅም።

«ታዲያ ሪፖርቱን የጻፉት ከትዝታ ነው?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ ከማስታወሻዬ ነው የገለበጥሁት።»

«ማስታወሻውን ያየ ሰው አለ?»

አልነበረም። ተወካዩ ወደ ኮሚቴው ዞሮ ፈገግ አለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሴን መጠራጠር ጀመርሁ። ባዶ የሚመለሱትንም ጨምሬ ቆጥሬ ይሆን? አንዱን ሁለቴ? ነገሩ ለማግስቱ ተቀጠረ።

ከስብሰባው ስወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በቆጠርሁበት ቀን፣ የጓሳን ሣር የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መታጠፊያው ላይ እያንዳንዱን የተጫነ መኪና እያስቆሙ አንድ አንድ ድንጋይ ሲወስዱ አይቼ ነበር። ለአጥራቸው የሚለምኑ መስሎኝ ነበር ያለፍኋቸው። ፈረስ ተከራይቼ በዚያው ከሰዓት ወጣሁና ድንጋዩን ለአጥር ይለምኑ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልለምን?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው ሣር ተከፍቶ ሲታጨድ የማደርገውን አላየህም? ከየሸክሙ አንድ ጭብጥ እመዛለሁ። ማታ ጭብጡ ሲቆጠር ስንት ሸክም እንደ ወጣ ይታወቃል። ይህ ባይኖርማ ጉልበት ያለው ዘመዱን ሁሉ አሰልፎ የሰውን ድርሻ ጠራርጎ ይሄድ ነበር።»

«መኪናውን ይቁጠሩ ያለዎት ሰው አለ?»

«ማን ይለኛል! በዚህ ደጅ ሸክም ሲያልፍ ዝም ብዬ ልየው? ሾፌሮቹማ ‹አባባ፣ ቀረጥዎን ይውሰዱ› እያሉ ያላግጡብኛል።»

ድንጋዮቹ ጎጇቸውን ዙሪያውን ከበው ካብ ሆነዋል። ወር ባለቀ ቁጥር ከላይ አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያነጥፉና የሚቀጥለውን ወር ይጀምራሉ። የኩባንያው የዓመት ጭነት እዚያ ቆሞ ነበር፤ ፍየሎች ሳይቀሩ ይታከኩበታል።

በማግስቱ ያየሁትን ነገርኋቸውና ኮሚቴው ተወካዩን ይዞ ጎጆው ድረስ መጣ። ሦስቱ አባላት እጅጌያቸውን ሰብስበው በየረድፉ ሲቆጥሩ ረፋዱ አለቀ። ተወካዩ ራቅ ብሎ ቆሞ፣

«ይህ አጥር እንጂ ሰነድ አይደለም። ከሜዳው እያነሱ ቢጨምሩበትስ?» አለ።

«ከሜዳው?» አሉ ሽማግሌው። «የመኪናችሁን ድንጋይና የሜዳዬን ድንጋይ መለየት ካቃተህ፣ ልጄ፣ ምኑን ነው የምትነግደው? ይልቅስ ያልጨመርሁት ይበዛል። በሰንበትና በበዓል ድንጋይ አላነሳም። መኪናችሁ ግን ሰንበት አያውቅ፣ በዓል አያውቅ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀና አለ። «በወር ስንት በዓል ያከብራሉ፣ አባባ?»

«ቆይ እስቲ…» ሽማግሌው በትራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት። ተወካዩ ዓይኑን ከጣታቸው ላይ አልነቀለም። አንደኛው እጅ አልቆ ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጊዜ ከምናባክን፣ ካቡ ላይ ባለው ብንስማማ…»

ካቡ ላይ ያለው እኔ ካሰላሁት በጥቂቱ ይበልጥ ነበር። ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው አዩኝና፣ «ተነስ፣ ሣሩ ላይ አትቀመጥ፤ አልተከፈተም» አሉኝ።

ኮሚቴው ግብሩን አጸናው፤ ወሬውም ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። ባና ሻጯ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ታዲያ የእኔ ይቀነስልኛል?»

«አይቀነስም፣ እትዬ።»

«አውቄዋለሁ!» አሉና ባናቸውን ማጠፍ ቀጠሉ። ቆየት ብለው ግን፣ «ይሁን፤ እሱም ከከፈለ፣ የእኔን ስከፍል ሞኝ የሆንሁ አይመስለኝም» አሉ።

ስለ ግብር ፍትሕ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ አንብቤአለሁ፤ ጉዳዩን እንዲህ በጥቂት ቃል የጨረሰልኝ አላገኘሁም። ሰውን የሚከብደው የሚከፍለው ልክ ብቻ አይደለም። ብቻዬን ነው የምከፍለው የሚለው ስሜት ይበልጥ ይከብደዋል።

ገንዘቡ ገቢ ከመሆኑ በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ከመሐል ሜዳ ወጣሁ። በኋላ መምህር ሆኜ፣ ለዓመታት ታሪኩን ለተማሪዎቼ ስናገር መጨረሻው ላይ ድምፄ ይቀንስ ነበር። ውሳኔውን ሰምቻለሁ፤ ክፍያውን ግን አላየሁም። ኩባንያው ወደ ላይ ይግባኝ ብሎ አስቀንሶት፣ እኔ ደግሞ እንዲሆን የምመኘውን አስታውሼ እንደሆነስ? ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደዚያው ስሄድ ፋይሉ ወጥቶ እንዲታይልኝ ጠየቅሁ። ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ማኅተም ያረፈባቸው ሁለት ደረሰኞች ተያይዘዋል። መስኮቱ ዘንድ ቆሜ ደመርኋቸው፤ ኮሚቴው ከወሰነው ጋር እኩል ናቸው።