ለጋሼ የሠራሁት ገጽ

ያኔ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። የፎቅ ወለል ስንት ፌሮ እንደሚፈልግ የሚያሰሉት ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት በተሠራ ፕሮግራም ነው። ጥቁር ስክሪን ነው፤ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ሌላ ይጠይቃል።

«ወጣቶቹ ሁሉ በማውስ ነው የሚሠሩት። ለኔም እንደዚያ አድርጊልኝ፤ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው» አሉኝ።

ሠራሁላቸው። የወለሉን ጭነት በቁጥር መጻፍ ቀረና «ሱቅ»፣ «ቢሮ»፣ «መጋዘን» ከሚል ዝርዝር መምረጥ ብቻ ሆነ። ወይ ኩራቴ!

አንድ አርብ ሐጂ መጡ፤ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ፎቅ የሚያሠሩ ጨርቅ አስመጪ ናቸው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ጣቃ እስከ ጣሪያ ነው የምሞላበት» ብለውኛል። ፌሮ ሠራተኞቻቸው ሥራ ፈተው ቆመዋል፤ እሳቸው ደግሞ የጁምዓ ሶላት ሳያመልጣቸው የሶሌታውን፣ የፎቁን ወለል፣ የፌሮ ልክ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ጋሼ አዲሱን ገጽ ከፍተው ጠቅ ጠቅ አደረጉና ውጤቱን አተሙ።

ስክሪኑን ሳየው «ሱቅ» ይላል። ክው አልኩ። የሱቅ ጭነት የሚታሰበው ሰው ገብቶ ለሚወጣበት፣ መደርደሪያ ላለው ቤት ነው። ይኼ ግን መርካቶ ነው! ያ ሁሉ ጣቃ ሲቆለልበት ከሥር የሚገበያየው ሰው ምን ይሆናል?

ጋሼ ሊፈርሙ ብዕር አነሱ። ባለጉዳይ ፊት አባቴ የሚያህሉትን ሰው «ተሳስተዋል» ልበል? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ሶሌታ ሥር ቆሞ አያውቅም!

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የኔ ሥራ ተበላሽቷል። ይኼ ውጤት አይታመንም፤ በድሮው ይሥሩት» አልኩ።

ሐጂ ሳቁብኝ። «ኧረ ልጄ! ፎቄን መለማመጃ አደረግሽው እንዴ?» ነደደኝ፤ ግን ዋጥኩት።

ጋሼ ጥቁሩን ስክሪን ከፈቱ። ጣታቸው ሮጠ። ጭነቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሐጂ፣ ምን ሊያስቀምጡበት ነው?»

«ጣቃ ነዋ! እስከ ጣሪያ።»

ጋሼ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቁጥሩን ጻፉ፤ ፌሮው ከበፊቱ በጣም ወፍሮ ወጣ። ፈርመው፣ ማኅተም መትተው ሰጧቸው። ሐጂ እየሮጡ ወረዱ።

ብቻችንን ስንቀር «ቅድም የተመረጠው ሱቅ ነበር» አልኳቸውና ቁጣ ጠበቅኩ።

«ሱቅ የሚለውን አልመረጥኩትም» አሉኝ። «ከላይ ያለውን ነው የነካሁት። ምን እንደሚል አላየሁትም።»

«ጋሼ፣ ፊደሉ እኮ ትልቅ ነው...»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ። የድሮውንም አንብቤው አይደለም። ጥያቄዎቹን በተራ በቃሌ ስለማውቃቸው ነው።»



ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ አስገቡና ቁልፉን ሰጡኝ። «ቆልፊበት። እስከ ዛሬ የፈረምኩባቸው ፎቆች ብቻ ሳይወድቁ ይቁሙልኝ» አሉ።

እያለቀስኩ ቆለፍኩበት።